ዓርብ የታረደው በግ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም። ነገሩ ስለ ምስር፣ ስለ ዱቄትና ስለ ዘይት ቀረጥ ነው። ካርቱም ውስጥ ከዚህ የባሰ ያየ ሰው ሞልቷል፤ የእነሱ ሳይጻፍ የእኔ መጻፉ ያሳፍረኛል። ጀምሬ የቀደድኩትም ለዚህ ነው። ግን የዚያ ቀን የስብ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ ስላለኝ፣ ልጻፈውና እናንተ ፍረዱ ብዬ እንደገና ተቀመጥኩ።

ሜሮን እባላለሁ። ካርቱም የመጣሁት በልጅነቴ የእናቴን እጅ ይዤ ነው፤ የምንኖረው ሳጃና በሚባል ሰፈር ነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር፤ አሁንም ያው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህር ሲጠይቅ ቀድማ እጇን የምታወጣ፣ ጎረቤት ሲጠራት «አቤት» ብላ የምትሮጥ፣ ሰው «ጎበዝ» ካላት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት የምትውል ልጅ ነበርኩ። አረብኛ አንብቤ መጻፌ በሰፈራችን ሐበሾች ዘንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት የቤትና የገበያ አረብኛ ነው።

በእኛ መንገድ ምግብ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ገሚሶቹ የሐበሻ፣ ገሚሶቹ የሱዳኖች ናቸው። የአካባቢው አስተዳደር፣ እኛ «መሐሊያ» የምንለው፣ በእነዚህ ሱቆች በሚሸጥ ምግብ ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ሁላችንም በአረብኛ «ደሪባ» እንለዋለን። ባለሱቁ ደሪባውን ዋጋው ላይ ይደምረዋል፤ የሚከፍለው የሚበላው ሰው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ስለሆንን አደባባይ ወጥተን መጮህ አይታሰብም። ስለዚህ ሰው ይላካል፣ ይለመናል፣ ደሪባው ለሦስት ወር ይታገዳል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ይለመናል፣ እንደገና ይታገዳል። ሁልጊዜ የሚያሳግዱት አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ምትኩ።

ጋሽ ምትኩ የመንገዱ ትልቁ ሱቅ ባለቤትና የባለሱቆቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ነው የሚቆሙት። ረቡዕና ዓርብ ወተት የሚገዛ ክርስቲያን ሲያዩ «ለልጅ ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

በጥቅምት ማለቂያ ላይ እግዱ ሊያበቃ ሲል ጠሩኝና በርጩማ ሰጡኝ።

«ሜሮንዬ፣ የመሐሊያው ሰውዬ ዓርብ እኔ ግቢ ይመጣል። ዝያፋ ደግሰንለታል። የእኛ የገበያ አረብኛ አይበቃም፤ አንቺ በተማረ አፍ ጥያቄያችንን ታቀርቢያለሽ።»

«ምን ብዬ ልጠይቅ ጋሼ?»

«ደሪባው ለዘለቄታው ይቅርልን በይ። ዘንድሮ የተነሣነው ለዚህ ነው ልጄ። ለዘለቄታው።»

ቃሉን ደግመው ማለታቸው ልቤን ሞላው። ቤት ገብቼ ንግግሬን ጻፍኩ፤ ለእናቴም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እናቴ ቃሉ ባይገባትም «ድምፅሽ ያምራል» አለችኝ።

ለዝያፋው በግ ባለሱቆችም ደንበኞችም አዋጡ። ካዋጡት መካከል እነ እትዬ ሰዓዳ አሉበት። ሰዓዳ የወሎ ሴት ናት። ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ዓርብ ዕረፍቷ ነው። እሷና የወሎ ጓደኞቿ ሳጃና ውስጥ በጋራ የተከራዩት አንድ ክፍል አለ። ሥራ ያጣች ወይም የታመመች እዚያ ትቀመጣለች፤ ሥራ ያላቸው ይቀልቧታል። ሕጋቸው ነው። ያን ሰሞን ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ሉባባ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። በምትሠራበት ቤት የፈላ ዘይት ቀኝ እጇ ላይ ፈሶ፣ አሠሪዋ መዳም «ሐኪም ቤት አያስፈልግሽም፣ በግራሽ ወልውዪ» ስላለቻት ጠፍታ የመጣች ልጅ ናት።

ዓርብ ጠዋት ሰዓዳን ልጠራት ስሄድ ሉባባ በግራ እጇ ልብሷን ታጥፋለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«እዚያው ቤት። መዳም ‹ተመለሺ፣ ምንም አልልሽም› ብላ ልካብኛለች።»

ሰዓዳ ከጥግ መለሰችልኝ። «ደሪባው በተመለሰ ቁጥር ምስሩ ይንራል። ባለፈው ጊዜ አንዷን አሰናበትን፤ የት እንደደረሰች አናውቅም። ዛሬ ለዘለቄታው ካልቀረ ቀጣይዋ እሷ ናት። አውቃ ነው ቀድማ የምታጥፈው።»

«ዛሬ ይቀራል እትዬ። የምጠይቀው እኔ ራሴ ነኝ።»

ሰዓዳ ትንሽ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ አገር ቤት ሽማግሌ ለጉዳይ ሰው ቤት ሲሄድ ምን ያደርጋል?»

እናቴ ስታወራ ሰምቼ ነበር። «ይቆማል። ተቀመጥ ቢሉትም አይቀመጥም። ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት እህል አይቀምስም።»

«እሺ። እኛ ሰውየውን እያበላን ነው የምንለምነው። ጠግቦ ‹ኢንሻአላህ› ይልና ይሄዳል።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አንቺ ብቻ የተባለውን ሳታሳምሪ ተርጉሚ። ያላ፣ እንሂድ።»

የጋሽ ምትኩ ግቢ ታጥቦ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። በጉን ያረዱት ሐጅ ዑስማን ናቸው፤ ከጋሽ ምትኩ ሱቅ ቀጥሎ ምስርና ባቄላ የሚሸጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ። እንግዳውም የወሎ ሴቶቹም የሚበሉት ሙስሊም ያረደውን ስለሆነ ነው። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ፣ ቀኑ ዓርብ ነውና፣ ሽሮና ጎመን በሌላ ትሪ ቀረበልን።

ባለሥልጣኑ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በነጭ ጀለቢያ መጣ። ሁሉም «ኡስታዝ» እያለ ተነሣለት። ንግግሬን ይዤ ብድግ ስል ጋሽ ምትኩ ትከሻዬን ጫን አድርገው አስቀመጡኝ።

«መጀመሪያ ይብላ ልጄ። የራበው ሰው ጆሮ የለውም።»

ትሪው መጣ። ከጥብሱ ጎን ሱዳኖች «መራራ» የሚሉት ነበር፤ የበግ ጨጓራና ጉበት በጥሬው ተከትፎ በሐሞት የተለወሰ። ባለሥልጣኑ ጀለቢያውን ሰበሰበና «ምትኩ፣ ብቻዬን አልበላም፣ ና» አላቸው። ጋሽ ምትኩ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ዳቦ ቆርሰው የሚያጫውቱት መስሎኝ ነበር። እጃቸው የሽሮውን ትሪ አልፎ መራራው ውስጥ ገባ። የሐሞቱ አረንጓዴ ውሃ በጣቶቻቸው መካከል ወርዶ የሸሚዛቸውን እጅጌ ነካ። ዓይናችን ተጋጨ።

«ለሕዝብ ሲባል እግዜር ይቅር ይላል» አሉኝ በአማርኛ፣ እያኘኩ።

ሰው ሥጋ ስለበላ የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። ዓርብ የሚበላ ክርስቲያንም አውቃለሁ፤ ጉዳዩ የራሱ ነው። የጨነቀኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ነው። ከዚያ ደግሞ ከነስቡ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እንግዳው አፍ ወሰዱ። ሱዳን አይጎራረስም። ሰውየው አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ፤ ጋሽ ምትኩ ግን «በሞቴ» የሚለውን በአረብኛ ፈልገው ሲያጡት በአማርኛ አሉት፤ ጉርሻው ገባ። ስቡ በሰውየው አገጭ ላይ ወረደ። እሱም በእጁ ጀርባ ጠርጎ ሳቀ። ጥያቄያችን ተጽፎ እጄ ላይ በላብ እየራሰ ነው፤ እኔ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲያኝኩ እሰማለሁ።

ያኔ ነው ሴቶቹን ያየኋቸው። ትሪያቸው ምንጣፉ ላይ ቀርቦላቸዋል፤ እነሱ ግን በግድግዳው ጥግ ተሰልፈው ቆመዋል። ሰዓዳ ከፊት፣ ሉባባ በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከኋላዋ። ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ምትኩ በዓይናቸው «ተቀመጡ» አሏቸው። አልተቀመጡም። በትሪያቸው ላይ ስቡ እየረጋ ነጭ ሆነ።

ባለሥልጣኑ ቀና አለ። «ሴቶቹ ለምን አይበሉም?»

የጋሽ ምትኩ አፍ ሞልቷል። በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙና በአማርኛ «ጾም ናቸው በይው፤ ዓርብ አይደል» አሉኝ።

ሳላሳምር ተረጎምኩ። «ጋሽ ምትኩ ‹ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ይጾማሉ› ይላሉ።»

የባለሥልጣኑ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። የሰዓዳን ሻሽ አየ። «አንቺ፣ ሙስሊም አይደለሽም?»

«ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ጁምዓን ነጥሎ የሚጾም ሙስሊም የት አለ? ጁምዓ ለእኛ ዒድ ነው።» ወደ ጋሽ ምትኩ ዞረ። «ክርስቲያኑ አንተ ነህ። ዓርብ የእናንተ ጾም ከሆነ አንተ የምትበላው ምንድን ነው?»

ሐጅ ዑስማን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ጋሽ ምትኩ ዋጡ፤ ሲወርድ ጉሮሯቸው ላይ ይታይ ነበር።

ሰዓዳ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። የምታውቀው «አምጪ፣ ውሰጂ፣ እሺ መዳም» የሚባልበትን አረብኛ ነው፤ በዚያው ተናገረች።

«ኡስታዝ፣ ጾም አይደለንም። እርቦናል። ግን በእኛ አገር ለጉዳይ የመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይበላም። ደሪባው ይቅር በለንና እንቀመጣለን። ለሦስት ወር አይደለም። ለሁልጊዜ።»

ሐጅ ዑስማን የቆረሱትን እንጎቻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። እጃቸውን ጠረጉ። «ወላሂ የእኛም አባቶች እንዲህ ነበሩ» አሉ። «ከተማ ገብተን ረሳነው እንጂ።» ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ከሴቶቹ ጎን ቆሙ። ሌሎቹ ባለሱቆች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንድ በአንድ ተነሡ። እኔም ከሽሮው ትሪ ተነሣሁ። ምንጣፉ ላይ የቀሩት ባለሥልጣኑና ጋሽ ምትኩ ብቻ ሆኑ።

ባለሥልጣኑ ተቆጣ። «ምትኩ፣ ይህ ወጥመድ ነው? ባለፈው ጊዜ እዚሁ ግቢ ምን አልኩህ? ነጋዴው ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ከጠየቀ እንዲሰረዝ ወደ በላይ አቀርበዋለሁ አላልኩህም? ‹ተወው፣ በየሦስት ወሩ ይሻላል› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ይሄን አትተርጉሚ» አሉኝ ጋሽ ምትኩ ቶሎ ብለው።

በሕይወቴ ትልቅ ሰው «አታድርጊ» ያለኝን አድርጌ አላውቅም ነበር። ቃል በቃል በአማርኛ ተናገርኩት። ሉባባም፣ መጨረሻ ላይ የቆመችውም ሴት እንዲሰሙ ደገምኩት።

 ሰዓዳ «ጋሼ፣ በየሦስት ወሩ ለማን ነው የሚሻለው?» አለች።

«ለእናንተው ብዬ ነው! ለዘለቄታው ብትሉ ያንንም ታጣላችሁ። ይህን ሰው በእጄ ያቆየሁላችሁ እኔ ነኝ።»

«እሱን አይደለም ጋሼ። በእጅዎ ያቆዩት እኛን ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ደሪባው ለዘለቄታው ቢቀር ማንም በጋሽ ምትኩ ግቢ ማለፍ አያስፈልገውም። የሚለመኑት፣ የሚመሰገኑት፣ ከባለሥልጣን ጋር በአንድ ትሪ የሚቀመጡት ደሪባው እየሄደ ስለሚመለስ ነው። እኔን ያስጠሩኝም ልመናውን እንዳሳምርላቸው ነው። መራራው ሳይበላ በአፌ የገባ መሰለኝ።

ባለሥልጣኑ እጁን ታጠበ፤ ሳሙና አስደገመ። ስቡ አልለቀቀው ይሆናል። ምንም ቃል ሳይሰጥ መኪናው ውስጥ ገባ። ንግግሬን አላነበብኩም።

እሑድ ደሪባ ሰብሳቢዎቹ መንገዳችን ላይ ነበሩ። የምስሩ ዋጋ ዕለቱን ጨመረ። ጋሽ ምትኩ ለገባ ለወጣው «የበሉበትን ወጪት ሰባሪዎች» እያሉ ሴቶቹን አሙ። ይህን ስነግራት ሰዓዳ «እኛ መቼ በላን?» አለች። ግን ሳቋ ብዙ አልቆየም። የክፍሉ ሴቶች ተመካክረው ነበር፤ ሉባባ ጆንያው ውስጥ ያለው ዱቄት እስኪያልቅ ትቆይ፣ ከዚያ በኋላ አቅማችን አይፈቅድም አሉ። ሉባባም ልብሷን ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።

ሐጅ ዑስማን ግን የባለሥልጣኑን ቃል ይዘዋል። ነጋዴው ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ከጠየቀ ብሎ የለም? ሱዳኑንም ሐበሻውንም ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ሰበሰቡ። እኔን ለሐበሾቹ አፍ እንድሆን ጠሩኝ። ጠዋት በአውቶቡስ ወደ መሐሊያው ሄድን። ወንበር ተሰጠን፣ ሻይ ቀረበ። ማንም አልተቀመጠም፤ ማንም ብርጭቆ አልነካም።

«ሐጅ፣ ተቀመጥ እንጂ» አለ ባለሥልጣኑ። «ሻይህን ጠጣ።»

«ሻይህ ይቆይ ልጄ። ጉዳዬ ሲያልቅ እጠጣዋለሁ።»

ቢሮው ሲዘጋ ወጣን፤ በማግስቱ ተመለስን። በየሥራ ቀኑ እንዲሁ ሆነ። ሻዩ ይመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝንብ ይወርረዋል፣ ይመለሳል። አንድ ጸሐፊ «በእናንተ ሰፈር ወንበር የለም እንዴ?» እያለ ይቀልድብን ነበር። ጋሽ ምትኩም አንድ ቀን ብቅ አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ የእኔንም ብርጭቆ አንሥተው ጠጡ፤ ከጸሐፊው ጋር ተሳስቀው ወጡ። ማታ ሰዓዳ ከሪያድ ሰፈር ትደውላለች። «ዛሬስ ተቀመጣችሁ?» ትላለች። «አልተቀመጥንም» እላታለሁ። «እግርሽን በሞቀ ውሃ እጠቢ» ትልና ትዘጋዋለች።

አንድ ረቡዕ ባለሥልጣኑ ከውስጠኛው ክፍል ወረቀት ይዞ ወጣ። ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነበር።

«የበላዮቹ ተቀብለውታል። በምግብ ላይ የነበረው ደሪባ ተሰርዟል። ታግዷል አላልኩም፤ ተሰርዟል። አሁን በአላህ ይሁንባችሁ ተቀመጡ።»

ሐጅ ዑስማን ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥተው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ሱዳኖች «ረክሻ» በሚሉት ባጃጅ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። ሉባባ ባዶውን ጆንያ ገልብጣ የቀረውን ዱቄት በግራ እጇ ትጠርጋለች።

«ደሪባው ቀረ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለስንት ወር?»

«ለዘለቄታው።»

 ከዚያ ሄዳ በሩ አጠገብ ያለውን ጥቅል ፈታችው።

በር ተንኳኳ። ጋሽ ምትኩ ነበሩ፣ በሙሉ ፈገግታ። «ታግለን አሸነፍን ልጆቼ! ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ዛሬውኑ አንድ በግ አርደን ኡስታዝን እናመስግን። የቻላችሁትን አዋጡ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አልኳቸው።

ፈጽሞ ትዝ አላላቸውም ነበር።  ሉባባ፣ በሰው ፊት ስትናገር ሰምቻት የማላውቀው ልጅ፣ ልብሷን ምስማር ላይ እየሰቀለች «ተመልሶ ለማይመጣ ነገር በግ አይታረድም» አለች።

ዋጋው በየሱቁ ወረደ፤ የመጨረሻው የጋሽ ምትኩ ሱቅ ነበር። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ነው የሚቆሙት። «እሳቸው» እያልኩ መጻፌም ከልማድ ነው፤ ከልቤ አይደለም።

እናንተ የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ትልቅ ነገር የለኝም። ትልልቅ ሰዎችን ማስደሰት ጥሩነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሰው «ጎበዝ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። «ለጊዜው» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያ የረጋ ስብ ይሸተኛል። የሚገባችሁን ነገር ቆራርጦ በየወቅቱ የሚያጎርሳችሁ ሰው ካለ፣ እጁ ለምን እንደወፈረ ጠይቁ። መጠየቅ ካልቻላችሁ አትቀመጡ።

የሉባባ እጅ ጠባሳው አልጠፋም፤ ጣቶቿ ግን ይታጠፋሉ። አሁን የምትሠራው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ወደ መዳሟ ቤት አልተመለሰችም። ደሪባው የቀረው፣ እሷም ጥቅሏን የፈታችው፣ ረቡዕ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።